ስለ ገና ምት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ታኅሣሥ 29 ቀን የገና በዓል ሲደርስ የሜዳው ጨዋታ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩር መምታት ነው። ልጅ ይህን የሚለምደው ታላላቆቹን እያየ እንጂ በቃል ትምህርት አይደለም።

የቡድናችን ዋና መቺ የነበረው ጓደኛዬ ግን አያያዙን፣ ክርኑንና የእግሩን አቋም አንድ በአንድ ማስላት ቢጀምር ምቱ ተበላሸና ጨዋታውን ሊተው ደረሰ። ጉልበቱስ አልቀነሰም። የለመደ እጅ ብዙ ጡንቻዎችን በአንድ ጊዜ ያዛል፤ አሳብ አንዱን ነጥሎ የያዘ እንደ ሆነ የቀሩት ቅንብራቸውን ያጣሉ። ጋብሪኤለ ዉልፍ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ባወጡት ጥናት፣ በበረዶ ሸርተቴ መለማመጃ ላይ ስለ እግራቸው ካሰቡት ይልቅ ስለ መሣሪያው መንኮራኩር ያሰቡት ተማሪዎች በልጠው ተገኝተዋል።

ስለዚህ ጓደኛዬን፣ «ክርንህን ተወው፤ ከሜዳው ማዶ ያለውን ድንጋይ አይተህ ሳትዘገይ ምታ» አልሁት። ምክር ያበዙበት አባቱ ነበሩና እርሳቸውም ለአንድ ሳምንት ዝም ለማለት ተስማሙ፤ ከሁሉ የከበደው ይህ ነበር። በሦስተኛው ቀን የዱላው ድምፅ ራሱ ተለወጠ። አያያዝ ገና ላልለመደ ጀማሪ ግን ይህ መላ አይረባውም፤ እርሱ አስቀድሞ የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል። ጓደኛዬም በበዓሉ ዕለት ከእኛ ጋር ተሰለፈ።