ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ

በአገራችን የፍትሐ ብሔር ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በተለመደ ቃል ነው፦ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።» ቀጥሎ የዳኛው ፊርማና ማኅተም ያርፋል። የረታውም የተረታውም ከችሎት ይወጣሉ፤ መዝገቡም በሠራተኛ ብብት ተይዞ ወደ ኋለኛው ክፍል ይሄዳል። ብዙዎቻችን ነገሩን እዚያ ላይ እንተወዋለን። መሬቱ ተመልሷል፣ ውርሱ ተከፍሏል፣ ከእንግዲህ ወረቀት ምን ያደርግልኛል እንላለን። ከዓመታት በኋላ ያው ወረቀት በብርቱ ይፈለጋል። መዝገብ ቤት የሚባለውን ክፍል በደንብ የምንተዋወቀው ያን ጊዜ ነው።

ለምሳሌ ቁንዝላን እንውሰድ። ቁንዝላ በጣና ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ በሰሜን አቸፈር ወረዳ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። እዚያ የምትኖር አንዲት እናት አለች እንበል። ባሏ በሕይወት ሳለ ከአጎቱ ልጅ ጋር በእርሻ መሬት ተካስሶ ረትቷል። አሁን እሱም የለም፣ የአጎቱም ልጅ የለም፤ የአጎቱ ልጅ ልጅ ግን ተነሥቶ ድንበሩን ገፍቷል። «ይኼ ነገር እኮ በፍርድ ያለቀ ነው» ትላለች። ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ያስታረቁት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ይመሰክራሉ። ዳኛው ግን የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው፦ «የውሳኔው ግልባጭ አለሽ?» የለም። ሣጥን ውስጥ የነበረውን አይጥ በልቶታል።

በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ይባላል። በ1958 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የምንዳኝበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም በዚህ ቀልድ አያውቅም፤ በአንድ ጉዳይ በአንድ ዓይነት ተከራካሪዎች መካከል የመጨረሻ ፍርድ ከተሰጠ፣ እነሱም ሆኑ መብታቸውን ከእነሱ ያገኙ ወራሾች ያንኑ ክርክር እንደገና ማንሣት አይችሉም ይላል። ለዚች እናት ከዚህ የሚሻል ጋሻ የለም። ጋሻው ግን መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው ያለው፤ ሄዳ ማውረድ አለባት።

መጀመሪያ መልስ የሚፈልገው «የትኛው ፍርድ ቤት?» የሚለው ነው። ሰው «ፍርድ ቤት ሄደን» ይላል እንጂ የትኛው እርከን እንደሆነ አይይዝም። በአማራ ክልል የወረዳ ፍርድ ቤት አለ፣ በላዩ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በላዩ ደግሞ ባሕር ዳር የተቀመጠው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት። ዋናው መዝገብ የሚገኘው ክሱ መጀመሪያ በተከፈተበት ቤት ነው፤ ይግባኝ ከተባለ ግን ላይኛው ፍርድ ቤት የራሱን ሌላ መዝገብ ይከፍታል። ለቁንዝላ ሰው ሌላም ጣጣ አለ። ዛሬ ሰሜንና ደቡብ የምንለው አቸፈር ድሮ አንድ ወረዳ ነበር፤ ዛሬ የሰሜኑ መቀመጫ ሊበን፣ የደቡቡ ዱርቤቴ ነው። ስለዚህ ክሱ ወረዳው ከመከፈሉ በፊት የታየ ከሆነ መንገድ ከመጀመር በፊት የድሮው መዝገብ የት እንደቀረ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ከዚያም ወደ ኋላ ከሄድን አውራጃ ፍርድ ቤት የሚባል እርከን ነበረ፤ እሱ ሲፈርስ ዶሴዎቹ ወደ ሌላ ቤት ተሻግረዋል። ሽማግሌዎች መዝገብን ዛሬም «ዶሴ» ይሉታል፤ እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠማችሁ ብዙ ነገር ያውቃልና ጠይቁት።

ቤቱ ከታወቀ በኋላ የሬጅስትራሩ መስኮት ፊት መቆም ነው። ሬጅስትራር ማለት የፍርድ ቤቱ በር ማለት ነው። ክስ የሚቀርበው ለሱ ነው፤ ቁጥር የሚሰጠው፣ መጥሪያ የሚያወጣው፣ የዳኝነት ክፍያ መከፈሉን የሚያረጋግጠው፣ የተዘጋውን መዝገብ የሚያስቀምጠው እሱና ሠራተኞቹ ናቸው። ከመስኮቱ ወዲያ የምትሰሙት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«እናቴ፣ መዝገብ ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ቁጥሩን እንኳ አላውቀው ልጄ። ባለቤቴ ነበር የሚያውቀው።»

ቁጥር ላለው ሰው ሥራው የደቂቃዎች ነው። ቁጥር ለሌለው ግን ባሕር መዝገብ ይወርዳል። ባሕር መዝገብ ማለት የገባው ክስ ሁሉ በተራ የሚመዘገብበት ትልቅ ደብተር ነው፤ ቁጥሩ፣ የገባበት ቀን፣ የከሳሽና የተከሳሽ ስም፣ የክሱ ዓይነት በረድፍ ተጽፎበታል። የጣናን ውኃ ከልጅነቱ «ባሕሩ» እያለ ላደገ ሰው ስሙ ተስማሚ ነው፤ ውስጡ ለመግባት መነሻ ያስፈልጋል። መነሻውም ዓመቱ ነው። «በ2003 ወይም በ2004» ማለት የቻለ ሰው የሁለት ዓመት ገጽ ያስገልጣል። «ልጄ የተዳረች ዓመት»፣ «ያ ዝናብ የጠፋበት ክረምት» እያሉ ዓመት የሚቆጥሩ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ደህና መንገድ ነው፤ ቤት ተቀምጦ ዓመቱን አስልቶ መሄድ ግን ይሻላል።

ሁለተኛው መነሻ ስም ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መዝገብ የሚጠራው በከሳሹ ስም ነው። ባሏ ተከሳሽ ከነበረ በባሏ ስም ብትፈልግ ላታገኘው ትችላለች፤ የአጎቱን ልጅ ስም ከነአያቱ መያዝ አለባት። ከሳሾቹ ብዙ ከሆኑ መዝገቡ «እነ» ተብሎ በመጀመሪያው ሰው ስም ብቻ ይጠራል፤ አራት ወንድማማቾች ከስሰው ከሆነ የሦስቱ ስም ሽፋኑ ላይ የለም። ከዚህ የባሰው ፊደላችን ነው። መዝገቡ ኮምፒውተር ውስጥ በገባበት ቤት «ኃይሉ» ተብሎ የተጻፈውን ሰው «ሀይሉ» ብሎ የሚፈልግ ሠራተኛ «የለም» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። ሰውዬው አለ፤ ፊደሉ ነው የተለየው። ጸጋዬ በፀሐዩ ፀ፣ ዓለሙ በዓይኑ ዓ ሊሆን ይችላል። «የለም» ከተባላችሁ ሳትቆጡ «በሌላው ፊደል ይታይልኝ» በሉ። የቤት ስምና የመዝገብ ስም የሚለያይበት፣ አንዳንዱም በክርስትና ስሙ የሚጠራበት አገር ነው፤ ሰውዬው የሚታወቅባቸውን ስሞች ሁሉ በወረቀት ጽፎ መስጠት ብዙ ያግዛል።

ይህም ካልተሳካ ቁጥሩን ከሌላ ቤት መፈለግ ይቻላል። አንድ ክርክር ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቁጥር አለው። ዋናው ክስ አንድ፣ ይግባኙ ሌላ፣ ፍርዱ እንዲፈጸም የተጠየቀበት የአፈጻጸም መዝገብ ደግሞ ሌላ ነው። አንዱ ሌላውን ይጠቅሳል። የመሬት ፍርድ ከሆነ የወረዳው መሬት አስተዳደር እንዲፈጽም ደብዳቤ ደርሶት ሊሆን ይችላል፤ ደብዳቤው «በመዝገብ ቁጥር ይህን ያህል በተሰጠው ውሳኔ መሠረት» ብሎ ነው የሚጀምረው። ቤት ውስጥ የቀረ አሮጌ መጥሪያ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ ጠበቃው ወይም ራፖር ጸሐፊው ያስቀረው የአቤቱታ ቅጂ፣ ሁሉም ቁጥሩን ይዘዋል። እኔ ያየሁት አንድ ቤተሰብ የጠፋ ቁጥር ያገኘው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተጣጥፎ ከነበረ መጥሪያ ጀርባ ነው።

መዝገቡ ሲወርድ ምን ይመስላል? በገመድ ወይም በላስቲክ የታሰረ ማኅደር ነው። ሽፋኑ ላይ ቁጥሩና የግራ ቀኙ ስም አለ። ውስጡ ከላይ እስከ ታች የክርክሩ ታሪክ ነው፤ የክስ አቤቱታ፣ የተከሳሽ መልስ፣ የማስረጃ ዝርዝር፣ የምስክሮች ቃል፣ ቀጠሮ የተለወጠበት ትዕዛዝ ሁሉ፣ በመጨረሻም ፍርዱ። የፍርዱን ገጽ በዓይን ማወቅ ጥሩ ነው። ከላይ የመዝገብ ቁጥሩና ቀኑ፣ ቀጥሎ የዳኛው ስም፣ ከሥሩ ከሳሽና ተከሳሽ፤ ከዚያ መካከል ላይ ፊደሎቹ ተራርቀው «ፍ ር ድ» ይላል። ስለ ነገሩ ብዙ ገጽ ሊኖር ይችላል፤ የሚያስፈልጋችሁ ቁም ነገር ግን ወደ መጨረሻው «ው ሳ ኔ» ወይም «ት ዕ ዛ ዝ» ከሚለው ቀጥሎ ነው። ለማን ተፈረደ፣ ምን ይፈጸም ተባለ፣ ወጪና ኪሣራ ማን ይቻል፤ እዚያ አለ። ያ ገጽ የጎደለው ግልባጭ አይጠቅምም።

ማን ሊጠይቅ ይችላል የሚለው ላይ አገር ከአገር ይለያያል። በአሜሪካ የካውንቲ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ዘንድ የታሸገ ወይም በሕግ የተሸሸገ ካልሆነ በቀር የፍትሐ ብሔር መዝገብ ማንም አላፊ አግዳሚ ሊጠይቀው ይችላል፤ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን የፍቺ ውሳኔያቸውን ሲያስወጡ የሚያውቁት ነገር ነው። እኛ ዘንድ ቅድሚያው የተከራካሪዎቹ፣ የወኪሎቻቸውና የወራሾቻቸው ነው። ተከራካሪ መታወቂያውን ይይዛል፤ ወኪል ውክልናውን፤ ወራሽ ደግሞ ወራሽነቱን የሚያሳይ የፍርድ ቤት ማስረጃ። የቁንዝላዋ እናት ባሏን ወክላ ሳይሆን በባሏ እግር ተተክታ ነውና የምትጠይቀው ይህን ማስረጃ ቀድማ ብታወጣ ሁለት ጊዜ አትመላለስም። ከተከራካሪዎቹ ውጭ የሆነ ሰው ጉዳዩ ለምን እንደሚያስፈልገው በጽሑፍ አመልክቶ ዳኛው ሲፈቅድ ነው የሚያገኘው። ክርክር ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፤ የድሮው መዝገብ እንዲመጣለት የያዘውን ችሎት ይጠይቃል፤ ሕጉ ፍርድ ቤቱ የራሱንም ሆነ የሌላ ፍርድ ቤት መዝገብ አስቀርቦ እንዲመረምር ይፈቅዳል። ለእኛዋ እናት ጉዳዩ ተከፍቶ ከሆነ የሚቀናት ይኸኛው ነው።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። የመዝገብ ቁጥሩ፣ የግራ ቀኙ ስም፣ ውሳኔው የተሰጠበት ቀን፣ የሚፈለገው ነገር። የሚፈለገው ነገር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የውሳኔው ግልባጭ ብቻ ነው ወይስ ከምስክሮቹ ቃል ጋር? የድንበር ነገር ከሆነ ምስክሮቹ ምልክት አድርገው የጠሩት ዛፍና ፈፋ ያለው በቃላቸው ውስጥ ስለሆነ እሱንም ጠይቁ። የኮፒውን ወጪ ከፍላችሁ ደረሰኝ ያዙ።

ይህ ሁሉ ስለ አሮጌ መዝገብ ነው። ዛሬ ፍርድ የተሰጠው ሰው ግን ከዚህ ድካም በቀላሉ ይድናል፤ ውሳኔው በተነበበ ቀን ግልባጭ እንዲሰጠው ማመልከት ነው። ለተረታው ደግሞ የቀን ጉዳይ ነው፤ ይግባኝ የሚባለው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው፣ የይግባኝ ቅሬታውም ያለ ግልባጩ አይቀርብም። የረታውም አይዘናጋ፤ ፍርዱ ይፈጸምልኝ ብሎ ሳይጠይቅ 10 ዓመት ካለፈው የያዘው ፍርድ ከንቱ ሊሆንበት ይችላል። ፍርድ ቤቶች ለክረምት ሲዘጉ አስቸኳይ ነገር ብቻ እንደሚታይም አትርሱ፤ ለግልባጭ የሚሻለው ከዚያ በፊት ነው።

ጽፎ ማኖር ለጣና ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በሐይቁ ደሴቶች ገዳማት ባሉ የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና ግዢ ተጽፎ ይገኛል፤ ማን ለማን እንደሰጠ፣ እነማን እንደነበሩ፣ ያፈረሰ ምን እንዲያገኘው። በተለይ ወንጌል ላይ የሚጽፉበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በእሳትም በወራሪም ጊዜ ቀድመው ከሚሸሸጉት የቤተ ክርስቲያን ዕቃዎች አንዱ ወንጌል ነው። መዝገብ ቤቶቻችን እንዲህ ያለ ጠባቂ አላገኙም። ምስጥ አለ፣ የሚያፈስ ጣሪያ አለ፣ አገር ሲናወጥ የሚቃጠል ቢሮ አለ። ይህን ስጽፍ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም አንድ የወረዳ መዝገብ ቤት ሲቃጠል የሚጠፋው የሺህ ቤተሰብ መሬትና ውርስ ነው። ያን ጊዜ የሚቀረው ሰዎቹ እጅ ያለው ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ብቻ ነው፤ የተቃጠለውን መዝገብ እንደገና ለማቋቋም መነሻ የሚሆነውም እሱ ነው። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ እየታተሙ ይወጣሉ፤ በ1997 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮ የሕግ ትርጉማቸው የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ማንም ሰው ሊያነባቸው ይችላል። እነዚያ በሺህ ቅጂ ተባዝተዋል። የወረዳው ፍርድ ግን አንድ ዋና አለው፣ ቅጂው ባለጉዳዮቹ ባስወጡት ልክ ነው።

ግልባጩ በእጅ ሲገባ ከመስኮቱ አትራቁ። ገጾቹን ቁጠሩ። «ትክክለኛ ግልባጭ ነው» የሚለው ጽሑፍና ማኅተሙ መኖሩን፣ ማኅተሙ ስሙን ሸፍኖ እንዳይነበብ አለማድረጉን፣ የመጨረሻው የትዕዛዝ ገጽ መኖሩን እዩ። ስሞቹን ከነአያታቸው አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል ሰው ልጁን ወይም የልጅ ልጁን ይዞ ይሂድ።

የቁንዝላዋ እናት ሁለት ቅጂ ጠየቀች እንበል። አንዱን ባሕር ዳር ላለች ልጇ ላከች። ሌላውን በላስቲክ ጠቅልላ ከመሬት ይዞታ ደብተሯ ጋር አይጥ ከማይደርስበት አስቀመጠች። የልጅ ልጇም የመዝገብ ቁጥሩን በትልቁ ጽፎ ሣጥኑ ክዳን ውስጥ ለጠፈው።