ሁለት ዓመት በናይሮቢ፦ የዲፕሎማው ተማሪ ምን ይጠብቀዋል?

በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት፣ የናይሮቢ ረጅሙ ዝናብ ገና ሳያባራ፣ በከተማዪቱ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ወጣቶች የሁለት ዓመት ድካማቸውን ለማስመዘን ወደ ፈተና አዳራሽ ይገባሉ። ከእነዚህም መካከል ወላጆቻቸው በሥራ ወይም በንግድ ምክንያት በኬንያ የተቀመጡ ኢትዮጵያውያን ልጆች ይገኙባቸዋል። በአገራችን «ዲፕሎማ» ሲባል ከኮሌጅ የሚገኘው የምስክር ወረቀት ትዝ ይለናል። እነዚህ ወጣቶች የሚደክሙለት ዲፕሎማ ግን ከዩኒቨርሲቲ በፊት የሚገኝ፣ ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባለው ነው።

ፕሮግራሙን የሚመራው ድርጅት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1968 በጄኔቫ ነው። የመነሻ ዓላማውም ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወሩ ቤተሰቦች ልጆች በየትኛውም አገር ዩኒቨርሲቲ ተቀባይነት ያለው ማስረጃ እንዲኖራቸው ማድረግ ነበር። በናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የኬንያ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤትና የአጋ ካን አካዳሚ ይህንኑ ይሰጣሉ፤ በአዲስ አበባም ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩል ያስተምረዋል። ክፍያው ለተራው ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። በመሆኑም ልጁ የሚገባበትን አስቀድሞ ማወቅ ለወላጅ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ተማሪው ስድስት ትምህርቶችን ይይዛል፤ ሦስቱን በከፍተኛ ደረጃ፣ ሦስቱን በመደበኛ ደረጃ። ለከፍተኛው 240፣ ለመደበኛው 150 የትምህርት ሰዓት ተመድቧል። እያንዳንዱ ትምህርት ከ7 ነጥብ ይታረማል። ከዚህም ሌላ እስከ 4,000 ቃላት የሚደርስ የጥናት ጽሑፍና «የዕውቀት ንድፈ ሐሳብ» የተሰኘ ትምህርት አሉ፤ ሁለቱ በአንድነት እስከ 3 ነጥብ ስለሚያስገኙ ጠቅላላው 45 ይሆናል። የፈጠራ፣ የአካል እንቅስቃሴና የአገልግሎት ተግባር ደግሞ ነጥብ የለውም፤ ያላሟላው ግን ዲፕሎማውን አያገኝም።

ስለዚህ ፕሮግራም ሲወራ ዘወትር የሚነሣው የትምህርቱ ክብደት ነው። በእኔ አስተያየት ግን ብዙውን ተማሪ የሚጥለው የትምህርቱ ክብደት ሳይሆን የጊዜው አደላደል ነው። በቀድሞው ማትሪክ ዓመቱን ሙሉ የተዘናጋ ጎበዝ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሌሊቱን በኩራዝም ቢሆን አንብቦ ሊያልፍ ይችል ነበር። እዚህ ይህ አይሆንም። በአብዛኛው ትምህርት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ውጤት የሚገኘው ተማሪው በወራት ውስጥ ከሚያዘጋጀው የምርምር ሥራ ነው። በሁለተኛው ዓመት ከመስከረም እስከ ጥር ባለው ጊዜ የጥናት ጽሑፉ፣ የቤተ ሙከራው ዘገባ፣ የሒሳቡ ምርምርና የዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ ባንድነት ይደርሳሉ። ረጅም ጉዞ የተጓዘ ወታደር ስንቁን በመጀመሪያው ቀን የጨረሰ ባልደረባው ምን እንደሚገጥመው ያውቃል፤ የመጀመሪያውን ዓመት በቀልድ ያሳለፈ ተማሪም ዕጣው ያው ነው። የጥናት ጽሑፉን ርእስ በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ መርጦ በዕረፍቱ ወራት ግማሹን የጻፈ ልጅ ግን በጥቅምት ወር እንቅልፉን አያጣም።

ሁለተኛው ፈተና የልማድ ነው። እኛ ቃል በቃል በማጥናት ተምረናል፤ መምህር የተናገረውን መልሶ የሚናገር ተማሪ «ጎበዝ» ተብሎ አድጓል። በዚህ ፕሮግራም ግን «ይህን በምን ዐወቅህ?» የሚለው ጥያቄ በየክፍሉ ይቀርባል፤ ሐሳብን ከሌላ ሰው ወስዶ ምንጩን አለመጥቀስም እንደ ስርቆት ይቆጠራል፤ የተገኘበት ተማሪ በዚያ ትምህርት ውጤት ሊከለከል ይችላል። ኮምፒዩተር በራሱ የሚጽፈው ጽሑፍም ከዚህ ደንብ አላመለጠም፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው፣ በእንዲህ ያለ መሣሪያ የተዘጋጀ ነገር የተማሪው የራሱ ሥራ ተደርጎ አይቆጠርም፤ ከገባም ምንጩ መጠቀስ አለበት።

የትምህርት ምርጫውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚጠናቀቅ ብዙ ሰው በችኮላ ይሳሳታል። ሐኪም መሆን የሚሻ ልጅ ኬሚስትሪን፣ መሐንዲስ መሆን የሚሻም ሒሳብን በከፍተኛ ደረጃ እንዲይዝ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይጠይቃሉ። ቀሎ የታየውን ሒሳብ የመረጠ ወጣት በሩ የተዘጋበት መሆኑን የሚረዳው አንዳንድ ጊዜ ከዓመት በኋላ ነው። ለማለፍ ቢያንስ 24 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን 24 ያገኘ ሁሉ አያልፍም፤ ከከፍተኛ ደረጃዎቹ ሦስት ትምህርቶች 12 ነጥብ ማግኘት ግዴታ ሲሆን፣ በአንዱም ትምህርት ቢሆን 1 ያገኘ ይወድቃል።

ለኢትዮጵያውያን ወላጆች በተለይ ሊነገር የሚገባው አንድ ነገር አለ። አማርኛ በዚህ ፕሮግራም እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ሥነ ጽሑፍ ሊጠና ይችላል። ትምህርት ቤቱ የአማርኛ መምህር ባይኖረውም እንኳ፣ ተማሪው በመደበኛ ደረጃ በትምህርት ቤቱ ድጋፍ ራሱን እያስተማረ 9 ሥራዎችን አንብቦ ይፈተናል። ከአማርኛው ጋር የእንግሊዝኛን ሥነ ጽሑፍ በዚሁ አኳኋን አጥንቶ በሁለቱም ቢያንስ 3 ያገኘና ዲፕሎማውን ያለፈ ተማሪ የሁለት ቋንቋ ዲፕሎማ ይሰጠዋል። በናይሮቢ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ እየተናገረ ያደገ ልጅ ግን ከአያቱ ጋር በስልክ ስለተጫወተ ብቻ ይህን ይወጣዋል ማለት አይደለም። በፈተናው አይቶት የማያውቀውን ጽሑፍ አንብቦ ይተነትናል፤ ሁለት ሥራዎችንም አነጻጽሮ ይጽፋል፤ የሚጽፈውም በእጁ፣ በፊደላችን ነው። ስለዚህ ወላጅ ይህን መንገድ ለልጁ ካሰበለት፣ ፕሮግራሙ ከመጀመሩ ሁለትና ሦስት ዓመት አስቀድሞ፣ ልጁ በየሳምንቱ አንድ ገጽ ደብዳቤ በአማርኛ ለአያቱ እንዲጽፍና መልሱንም ራሱ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያድርግ።