ስለ ጤና ባለሙያዎች የሚደረግ ጥናት ለቤተሰብዎ ምን ይጠቅማል?

ልጅዎ አስሎትና ትንፋሹ ፈጥኖ ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ ሲወስዱት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደረቱን ገልጣ ትንፋሹን በሰዓት ትቆጥራለች። የሳንባ ምች ከሆነም አንቲባዮቲኩን እዚያው ትሰጥዎታለች። ይህ ዛሬ የተለመደ አሠራር ነው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ግን የሳንባ ምችን በአንቲባዮቲክ ማከም አይፈቀድላትም ነበር፤ ሕፃኑን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነበረባት። ፈቃዱ የመጣው እ.ኤ.አ. 2010 ገደማ ነው።

የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰደች ሠራተኛ ሕፃናትን በትክክል ታክማለች? ይህ በግምት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። መልሱ የተገኘው በጥናት ሲሆን፣ ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ጅማ ዞን ነው።

ስለ ጤና ባለሙያ የሚደረግ ጥናት ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ጥናት ሲባል የአዲስ መድኃኒት ሙከራ ይመስለዋል። ይህኛው የሚያጠናው ግን መድኃኒቱን ሳይሆን መድኃኒቱን የሚሰጠውን ሰው ነው። ከሚነሡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹ እነዚህ ናቸው፦

• በአንድ ጤና ጣቢያ ስንት ነርስና ስንት አዋላጅ ያስፈልጋል?
• ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ የተማረውን በሥራ ላይ ያውለዋል?
• ባለሙያዎች የገጠር ምድብ ሥራቸውን ለምን ይለቃሉ?
• ሕመምተኞች በአቅራቢያቸው ያለውን ጤና ኬላ ለምን አይጠቀሙበትም?

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የእንዲህ ዓይነት ጥናት ውጤት ተሸጦ ትርፍ የሚያስገኝ ስላልሆነ፣ ወጪው ብዙውን ጊዜ የሚሸፈነው በመንግሥታትና በረጂ ድርጅቶች ነው። በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከበጀታቸው ለምርምር ገንዘብ ይመድባሉ። መምህራን ምን እንደሚያጠኑና ስንት ብር እንደሚያስፈልጋቸው የሚገልጽ ፕሮፖዛል ያቀርባሉ፤ ገምጋሚዎች ያዩታል። በሰዎች ላይ የሚደረግ ከሆነም የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ካላጸደቀው መጀመር አይቻልም።

የውጭ መንግሥታትም ድጋፍ ይሰጣሉ። ለምሳሌ ጅማ ዩኒቨርሲቲና የካናዳው ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ በጎማ፣ በቀርሳና በሰቃ ጨቆርሳ ወረዳዎች በእናቶች ጤና ላይ ያካሄዱት ጥናት ወጪው የተሸፈነው ከካናዳ መንግሥት በተገኘ የምርምር ድጋፍ ነው።

በጅማ ዞን የተደረጉ ሁለት ጥናቶች ምን አገኙ?

1. የታመሙ ሕፃናት ሕክምና በጤና ኬላ

የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጅማና በምዕራብ ሐረርጌ ዞኖች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የታመሙ ሕፃናትን ሲመረምሩና ሲያክሙ ተመልክተው ሥራቸውን መዝነዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ውጤት መሠረት፦

• ከ100 ሕፃናት 64ቱ ትክክለኛውን ሕክምና አግኝተዋል።
• የሳንባ ምች ከነበረባቸው 100 ሕፃናት 72ቱ፣ ተቅማጥ ከነበረባቸው ደግሞ 79ኙ በትክክል ታክመዋል።
• ሕመማቸው ከባድ ከነበረው ግን በትክክል የታከሙት ከ100 ውስጥ 34ቱ ብቻ ናቸው።
• አንድ ጤና ኬላ በወር ውስጥ ያስተናገደው በአማካይ 16 የታመሙ ሕፃናትን ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ተከታይ ጥናት፣ አዲሱ የሕፃናት ሕክምና ቀድሞ በተጀመረባቸውና ባልተጀመረባቸው ወረዳዎች መካከል በሕፃናት ሞት ረገድ ግልጽ ልዩነት አልታየም። ሞት በሁለቱም በኩል ቀንሷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ልጁን ወደ ጤና ኬላ የሚያመጣው ሰው ማነሱ ነው። ሠራተኛዋ ብትሠለጥን፣ መድኃኒቱም ቢኖር፣ ሕፃኑ ካልመጣ ሊታከም አይችልም።

2. የእናቶች ማቆያ

ማቆያ ቤት መንገዱ የራቀባት ነፍሰ ጡር የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የምትቆይበት ቤት ነው። ጥናቱ ሲጀመር በሦስቱ ወረዳዎች ማቆያ ቤት የተጠቀሙት ከ100 እናቶች 7 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ 24 ጤና ጣቢያዎችን ከነአካባቢያቸው በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። በአንዱ ቡድን ማቆያ ቤቶች ተሻሻሉ፣ የአካባቢ መሪዎችም ሠለጠኑ፤ በሁለተኛው ሥልጠናው ብቻ ተሰጠ፤ ሦስተኛው እንደነበረው ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ውጤት በሦስቱ ቡድኖች መካከል በጤና ተቋም በመውለድ ረገድ አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም።

«ታዲያ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው?» ሊሉ ይችላሉ። አልባከነም። ቤት ማሻሻል ብቻውን እንደማይበቃ ማወቅ፣ የሚቀጥለው በጀት የት መዋል እንዳለበት ያሳያል። እዚያው የተሰበሰበው መረጃ አንድ ሌላ ነገርም አመልክቷል፦ ወደ ጤና ተቋም አብሯት የሚሄድ ሰው ያላት እናት ማቆያ ቤቱን የመጠቀም ዕድሏ ከፍ ያለ ነው። የባል፣ የእናት፣ የእኅት ወይም የጎረቤት ድርሻ እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ለቤተሰብዎ ምን ይወስዳሉ?

ልጅዎን ቶሎ ይውሰዱ። በየቡ፣ በአጋሮና በአካባቢያቸው ባሉ ቀበሌዎች ቡና የሚለቀምባቸው ወራት ሥራ የሚበዛባቸው ናቸው። «ዛሬን እንየው፣ ለቀማው ይለቅ» ማለት ቀላል ነው። የሳንባ ምችና ወባ ግን አይጠብቁም። ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ወይም ከፈጣን ትንፋሽ ጋር ሳል ካየ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ይሂዱ። ትንፋሹን ራስዎ ሊቆጥሩ ይችላሉ፤ ልጁ ሳያለቅስ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው።

የአደጋ ምልክት ካዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። ከላይ እንዳዩት ጤና ኬላ ላይ ብዙ ስሕተት የታየው በጠና የታመሙ ሕፃናት ላይ ነው። ስለዚህ ከሚከተሉት አንዱን ካዩ መጀመሪያ ለሠራተኛዋ ይንገሩ፣ «ሪፈር ይጻፉልን» ብለው ለመጠየቅም አያመንቱ፦

• ልጁ መጠጣት ወይም ጡት መጥባት ካቃተው
• የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው
• ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ
• በጣም ከደከመና ለመንቃት ካስቸገረ
• ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ

ዕድሜው ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን ካተኮሰው፣ ገላው ከቀዘቀዘ ወይም መጥባት ካቆመ አንድ ሰዓትም አይጠብቁ። ጤና ኬላው ዝግ ከሆነ እስኪከፈት ሳይጠብቁ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ነፍሰ ጡር በቤትዎ ካለች አስቀድመው ይወስኑ። ማን አብሯት ይሄዳል? ልጆቹን ማን ይይዛል? ስንቋን ማን ያደርሳል? ይህ ከመጨረሻው ወር በፊት ቢታሰብበት ይሻላል።

ለጥናት ቢጠየቁ ምን ያደርጋሉ?

በጅማ ዙሪያ የሚኖሩ ከሆነ መጠይቅ የያዘ ሰው በርዎን አንኳኩቶ ያውቅ ይሆናል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች የትምህርታቸው አንድ ክፍል በመሆኑ በኅብረተሰቡ ውስጥ ይሠራሉ፤ ተመራማሪዎችም መረጃ ይሰበስባሉ። ከመመለስዎ በፊት የሚከተለውን ይወቁ፦

• ከየት እንደመጡ፣ ጥናቱ ስለ ምን እንደሆነና ገንዘቡን ማን እንደሰጠ የመጠየቅ መብት አለዎት።
• ማብራሪያው በሚገባዎት ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ይሁን በአማርኛ፣ ሊሰጥዎት ይገባል። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ቅጹ ይነበብልዎታል።
• እምቢ ማለት ይችላሉ፤ ጀምረው ማቋረጥም ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ሕክምና ሊከለከሉ አይገባም።
• የሰጡት መልስ በምስጢር ይያዛል፤ ስምዎ በሪፖርት አይወጣም።

ለመሳተፍ ከፈቀዱ እውነቱን ይንገሩ። «ሠራተኛዋ ትቀየመኛለች» ወይም «ነውር ይሆናል» ብለው ሁሉም መልካም ነው ቢሉ፣ የጎደለው ነገር ጎድሎ ይቀራል። ጤና ኬላው ዝግ ሆኖ ከተመለሱ፣ መድኃኒት አልቆ ካጡ ወይም ሳይመረመሩ ከተሸኙ ይናገሩ። ይህ ሠራተኛዋን ማሳጣት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ የእሷ ሳይሆን የአቅርቦት፣ የሥልጠና ወይም የሰው እጥረት ነው። ያ የሚታወቀው ደግሞ እርስዎ ሲናገሩ ነው።

ማስታወሻ፦ ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የቀረበ እንጂ የሐኪም ምክርን የሚተካ አይደለም። የልጅዎ ሁኔታ ካሳሰብዎት በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይሂዱ።