ሞተር ሳይክል ማሠልጠን ለፊዚክስ መምህር ምን ያስተምራል?

ከመካከላችሁ ብዙዎቹ ትምህርታችሁን ስትፈጽሙ በግብርና፣ በጤና ወይም በውኃ ሥራ ወደ ወረዳ ትመደቡ ይሆናል። እዚያም ከጠረጴዛና ከወንበር ጋር የሞተር ሳይክል ቁልፍ ትረከቡ ይሆናል። ቁልፉን የሚያስረክበው ሰው አዘውትሮ የሚሰጠው ምክር አለ፦ «የፊት ፍሬን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል!» ምክሩ በቅን ልቦና የሚሰጥ ነው፤ በፊዚክስ ሚዛን ሲታይ ግን ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ስሕተት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክንያቱን ማስረዳት፣ እንዲሁም ዕውቀት ከመጽሐፍ ወደ እጅና እግር የሚሻገርበትን መንገድ ማሳየት ነው።

የትርፍ ጊዜ አሠልጣኝ ማን ነው?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመ የሞተር ሳይክል ደኅንነት ፋውንዴሽን አለ። ለጀማሪዎች በተዘጋጀው ኮርስ ሠልጣኞች ጥቂት ሰዓታት በክፍል ውስጥ ከተማሩ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በሰፊ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ፣ በአነስተኛ ሞተር ሳይክሎች ይለማመዳሉ። ከአሠልጣኞቹ ብዙዎቹ ሌላ መደበኛ ሥራ ያላቸውና በዕረፍት ቀናቸው የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው። አሠልጣኝ ለመሆን መንጃ ፈቃድና የመንዳት ልምድ ብቻ አይበቃም፤ የአሠልጣኝነት ኮርስ መውሰድ፣ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ማለፍ፣ በእውነተኛ ሠልጣኞች ፊት ቆሞ በማስተማር መፈተን ያስፈልጋል። እኔም የዶክትሬት ትምህርቴን በዚያ አገር ስከታተል በዚህ መንገድ አልፌአለሁ።

ሥልጠናው የተመሠረተበት ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 በፕሮፌሰር ሃሪ ኸርት መሪነት የወጣው ጥናት በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 ያህል የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በቦታው ተገኝቶ መርምሯል። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው መደበኛ ሥልጠና ያላገኙ፣ ራሳቸውን ያስተማሩ ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። ብዙዎቹም በአደጋው ቅጽበት የፊት ፍሬናቸውን በሚገባ አልተጠቀሙም።

ፍሬንና የክብደት ሽግግር

አንድ ሞተር ሳይክል ከነነጂው ቆሞ ሳለ ክብደቱ ለሁለቱ ጎማዎች እኩል ተከፍሏል እንበል። የስበት ማዕከሉ ከመሬት ያለው ከፍታም በሁለቱ ጎማዎች መካከል ካለው ርቀት ግማሽ ይሁን፤ ይህ ከእውነታው ብዙም አይርቅም። ፍሬን ሲያዝ የሰበቃው ኃይል የሚሠራው ጎማው መሬት በሚነካበት ቦታ ነው። የነጂውና የሞተሩ ግዝፈት ግን ከዚያ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ወደ ፊት መጓዙን ለመቀጠል ያዘነብላል። ስለዚህ ጭነቱ ከኋላ ጎማ ወደ ፊት ጎማ ይሸጋገራል። በደረቅ አስፋልት ላይ የሰበቃው መጠን 0.7 ቢሆንና ሁለቱም ፍሬኖች እስከ መጨረሻ አቅማቸው ቢሠሩ፣ ከጠቅላላው ክብደት 85 በመቶው በፊት ጎማ ላይ ያርፋል። ለኋላው የሚቀረው 15 በመቶ ብቻ ነው። ጭነት የሌለው ጎማ ደግሞ ሰበቃ የለውም።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነጂ ሁለቱንም ፍሬኖች በሚገባ ቢይዝ በ14 ሜትር ያህል ይቆማል። የኋላውን ብቻ ቢይዝ ግን 38 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ነጂ ፈጽሞ በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ገና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። መንገድ የምታቋርጥ ሕፃን በዚያ ቦታ ላይ ብትኖር የሁለቱን ልዩነት ማብራራት አያስፈልግም።

ታዲያ «ይገለብጥሃል» የሚለው ከየት መጣ? በምሳሌያችን ሞተሩ እንዲገለበጥ የሰበቃው መጠን 1 መድረስ ነበረበት። አብዛኛውን ጊዜ ነጂውን የሚጥለው ፍሬኑን በድንጋጤ በአንድ ጊዜ ጨምድዶ መያዙ ነው፤ ጭነቱ ወደ ፊት ሳይሸጋገር ጎማው ይቆለፍና ይንሸራተታል። መፍትሔው ፍሬኑን መተው ሳይሆን ሎሚ እንደሚጨመቅ ቀስ በቀስ እያጠበቁ መያዝ ነው። በጠጠር መንገድ የሰበቃው መጠን ወደ 0.35 ቢወርድ የማቆሚያው ርቀት በእጥፍ ያድጋል፣ ጎማውም በቀላሉ ይቆለፋል። ስለዚህ በዚያ መንገድ አያያዙ ይበልጥ የለሰለሰ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ፍጥነቱ የቀነሰ መሆን አለበት።

ወደ ግራ ለመታጠፍ ወደ ቀኝ

ሌላው አስገራሚ ነገር አስተጣጠፉ ነው። ሞተር ሳይክል በዝግታ ካልሆነ በቀር መሪውን ወደ ግራ በማዞር ወደ ግራ አይታጠፍም። ነጂው የመሪውን ግራ እጀታ ወደ ፊት ሲገፋ የፊት ጎማው ለቅጽበት ወደ ቀኝ ያመለክታል፤ ጎማዎቹ ከሥር ወደ ቀኝ ሲወጡ አካሉ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ከዚያም ሞተሩ ወደ ግራ ይታጠፋል። በመዳፋችሁ ላይ ዱላ አቁማችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህ አዲስ አይደለም፤ ዱላው ወደ ግራ እንዲያዘነብል መዳፋችሁን ወደ ቀኝ ታንቀሳቅሳላችሁ።

ይህን ያልተለማመደ ሰው ጉድጓድ በድንገት ሲገጥመው መሪውን ከጉድጓዱ ለማራቅ ያዞራል፤ ሞተሩም ወደዚያው ወደ ጉድጓዱ ይወስደዋል።

የመምህሩ ስሕተት

በአሠልጣኝነት ኮርሱ ይህን የማስረዳት ተራ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ፤ ሙያዬ ነውና። ቀስቶችን ሥዬ፣ ኃይሎችን በየአቅጣጫቸው ከፍዬ አስረዳሁ። ሠልጣኞቹ በአድናቆት አዳመጡኝ። ሜዳ ላይ ግን ከእኔ ቡድን አንዲት ጠና ያሉ ሴት በመታጠፊያው ላይ እያሰቡ ሳለ ከመሥመር ወጡና ወደቁ። ፍጥነታቸው አነስተኛ ስለነበር ጉዳቱ ከጉልበት መላላጥ አላለፈም። አንጋፋው አሠልጣኝ ወደ ጎን ጠርተው፣ «ምክንያቱን ከምሳ በኋላ ንገራቸው። አሁን ‹ግራ ለመሄድ ግራ እጅ ይገፋል› በልና ሃያ ጊዜ ያድርጉት» አሉኝ። እንደተባልኩት አደረግሁ። እኒያ ሴት ከሰዓት በኋላ ያለ ችግር ታጠፉ፤ ምክንያቱንም ያን ጊዜ ስነግራቸው እጃቸው ቀድሞ ያወቀው ነገር ሆኖላቸው በፈገግታ ሰሙኝ።

ከዚያ ቀን የተማርኩት ይህን ነው። አደጋ ሲመጣ ለማሰብ የሚተርፈው ጊዜ አንድ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ቀመር የሚያስታውስ የለም፤ የሚሠራው የተለማመደ እጅ ነው። ቀመሩ የሚያስፈልገው እጃችን የትኛውን ልማድ መያዝ እንዳለበት ለመምረጥ ነው። ልማዱ ተሳስቶ ከተመረጠ፣ ልምምድ በበዛ ቁጥር ስሕተቱ ይጸናል።

እንግዲህ ቁልፉን በተረከባችሁ ጊዜ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት፣ የራስ መከላከያ ቆባችሁን አጥልቃችሁና ልምድ ያለው ሰው አብሯችሁ ሆኖ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ጥቂት ከሰዓታትን አሳልፉ። በዝግተኛ ፍጥነት ጀምራችሁ በሁለቱም ፍሬኖች መቆምን ደጋግሙ፤ የቆማችሁበትንም ቦታ በድንጋይ እያመለከታችሁ ርቀቱን በእርምጃ ለኩ። ለፊዚክስ ተማሪ ከዚህ የቀረበ ቤተ ሙከራ አይገኝም። ውጤቱንም ቀጥሎ ቁልፍ ለሚረከበው ባልደረባችሁ ንገሩት።