ሳቅ ቀልድ አይጠብቅም

ብዙዎቻችን የቤት ሳቅ የተሰጥኦ ጉዳይ ይመስለናል። ጨዋታ አዋቂው አጎት ሲመጣ ቤቱ ይሞቃል፣ እሱ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ሮበርት ፕሮቫይን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ግን ይህን ግምት የሚያናጋ ነገር አግኝቷል። ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ ሰዎች በመንገድና በገበያ አዳራሽ እያወሩ የሳቁባቸውን 1,200 ያህል አጋጣሚዎች መዘገበ። ቀልድ የሚመስል ነገር የቀደማቸው ከ20 በመቶ አይበልጡም፤ የቀሩት «በሉ ደህና ዋሉ» ወይም «ያውላችሁ መጣ» ዓይነት ተራ ወሬ ተከትለው የመጡ ናቸው። ሰው ብቻውን ከሚሆንበት ጊዜ ይልቅ ከሌሎች ጋር ሲሆን 30 እጥፍ ያህል እንደሚስቅም ጽፏል። ሳቅን የሚጠራው አብሮ መቀመጡ ነው ማለት ነው።

እንግዲያውስ ቤተሰቡ መቼ አብሮ ይቀመጣል? ቡና ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ታጥቦ እስኪቆላ፣ ተወቅጦ ጀበናው እስኪንተከተክ፣ ወርዶም እስኪሰክን ማንም ሊያጣድፈው አይችልም። («ሰከነ» የሚለውን ቃል ለቡናም ለሰውም መጠቀማችን እንዲሁ የሆነ አይመስለኝም።) አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ወሬ ይመጣል። ልጁ ፈንዲሻ ሲሻማ ስኒ ይደፋል፤ እናት ልትቆጣ አፏን ስትከፍት አያት ቀደም ብለው «ዛሬ አቦሉን ቄጤማው ጠጣው፤ ለእኛ እንኳ ቶናው ይድረሰን» ይላሉ። ይህ በጽሑፍ ሲነበብ ብዙም አያስቅም። እዚያ ለነበሩት ግን ቁጣውን አብርዷል፣ ልጁንም ከማልቀስ አድኗል፤ ለሚቀጥለው ሳምንትም «ቄጤማው ጠጣው» የቤቱ አባባል ሆኖ ይከርማል።

ሳቅ የጤፍ ዋጋ አይቀንስም፣ የቤት ኪራይም አይከፍልም የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ቤት የሚበጠበጠው በችግሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ችግሩ በምንነጋገርበት መንገድም ጭምር ነው። ጆን ጎትማን የተባለ ተመራማሪ ባለትዳሮች ሲከራከሩ በቪዲዮ እየቀረጸ ለዓመታት አጥንቷል። የጸኑት ትዳሮች ጭቅጭቅ ያልነካቸው አልነበሩም። በጭቅጭቁ መሃል እንኳ ለአንድ ክፉ ቃል ወይም ፊት አምስት ያህል በጎ ነገር ይገኝባቸው ነበር፦ ፈገግታ፣ «ልክ ነሽ» ማለት፣ ነገሩን የሚያለዝብ ጨዋታ።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ቀልድ ያቆስላል የሚለው ነው። የጎትማን ጥናትም ለፍቺ ከሚያደርሱት ባሕርያት ሁሉ የከፋው ንቀት ነው ይላል፤ ማላገጥም ከንቀት ይቆጠራል። ደግነቱ አማርኛ ጨዋታንና ፌዝን በአንድ ስም አይጠራም። አያት የቀለዱት በቄጤማው ነው፤ ልጁን «ፈዛዛ» ቢሉት እንግዳ ይስቅ ይሆናል፣ ልጁ ግን አንገቱን ይደፋል። መለኪያውም ከባድ አይደለም፦ የተቀለደበት ሰው አብሮ ከሳቀ ጨዋታ ነው፤ ካልሳቀ ፌዝ ነውና «ቀልዴን እኮ ነው» ማለት አያድንም።

እኔ መልስ ያጣሁለት አንድ ቅሬታ ብቻ ነው። ሌላው ተደላድሎ ሲጫወት ከሰል የምታራግበው፣ ጭሱ ዓይኗን የሚለበልባት፣ በረካው ሲያልቅም ረከቦቱን የምታነሳው ያችው አንዲት ሴት ናት። ያ ሰዓት ለቤቱ ዕረፍት ሲሆን ለእሷ ሥራ ነው። «ቡና የሴት ወግ ነው» የሚለው ማስተባበያ ስኒ አያጥብም። በሚቀጥለው እሁድ ስኒውን ሌላ ሰው ይጠብ፤ እሷም እስከ በረካ ቁጭ ብላ ትጫወት።