የዋልካው ማጠንፈፊያ ከማን ተገኘ?

በምሥራቅ ጎጃም፣ በደጀን፣ በየጥኖራና በብቸና ዙሪያ ያለው ሜዳ አብዛኛው ዋልካ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ግን ያብጥና ውሃ አላሳልፍ ይላል። ውሃ የተኛበት ስንዴ ሥሩ አየር ስለሚያጣ ቢጫ ይሆናል። ለዚህ መፍትሔ የተሠራው ቢቢኤም (ሰፊ መደብ አውጪ) የተባለው ማጠንፈፊያ ነው። ስለ እሱ በተለምዶ የሚነገረው ሁሉ ግን እውነት አይደለም።

አንዱ ተረት፣ ውሃ ማጠንፈፍን ለገበሬው ያስተማረው ባለሙያ ነው ይላል። የጎጃም ገበሬ ግን ከጥንት ጀምሮ ሹሩቤ የተባለውን ጠባብ መደብና ቦይ ይሠራል፣ ለትርፉ ውሃም ፈሰስ ያወጣል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ ደግሞ ከእርሻ በኋላ ሰፊ መደብ በእጅ ይነሣ ነበር፤ አድካሚውን ሥራ በብዛት የሚሠሩት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። የዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት እርባታ ማዕከል ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ መጨረሻ መሣሪያውን ሲነድፉ ይህ መደብ ከፊታቸው ነበር። ያልነበረው ዕውቀቱ ሳይሆን ድካሙን የሚያቀልለው መሣሪያ ነው።

ሁለተኛው፣ መሣሪያው ከውጭ ተገልብጦ መጣ የሚለው ነው። ሐሳቡ በከፊል የመጣው ሕንድ፣ ሃይደራባድ ካለው የምርምር ተቋም መሆኑ እውነት ነው። የሕንዱ ግን ጎማ ያለው፣ ከባድና ውድ ነበር። እዚህ የተሠራው ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን ተጣምሮ ነው፤ የሚጎትተውም ያው ጥማድ በሬ ነው። 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መደብ ያነሣል፣ በመደቦቹ መካከልም ቦይ ይተዋል። አካሉ የገበሬው የራሱ ሞፈርና ድግር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሦስተኛውና ጎጂው ተረት፣ መሣሪያውን ያልተቀበለ ገበሬ ለውጥ የሚፈራ ነው የሚለው ነው። የእንጨቱ ቢቢኤም ለበሬ ይከብድ ነበር። የዋልካ እርሻም የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ካለው ማሳ የተጠነፈፈ ውሃ ታች ባለው ጎረቤት ማሳ ላይ ይተኛል። ጎረቤታሞች መውረጃውን በጋራ ካላወጡ አንዱን ያተረፈ ሌላውን ያከስራል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቀው መሬቱን የሚያርሰው ነው። የገበሬው ቅሬታ ሲሰማ ግን መሣሪያው ተሻሻለ፦ የእንጨቱ ክንፍ በብረት ተተካ፤ በኋላም ኢንጂነር መለሰ ተመስገን በተለመደው ማረሻ ላይ የሚገጠም፣ አይባር ቢቢኤም የተባለ ቀለል ያለ መሣሪያ ሠሩ።

አራተኛው፣ ቢቢኤም ለሁሉም ሰብል ይበጃል የሚለው ነው። ስንዴ በእርግጥ ይጠቀማል፤ ቀድሞ ስለሚዘራ ረዘም ያለ የእድገት ጊዜ ያገኛል። ጤፍ ግን የተኛ ውሃን ከስንዴ በተሻለ ይቋቋማል፣ በመደብም ብዙ አያተርፍም። ስለዚህ ለስንዴው መደብ አውጥቶ ጤፉን በለጥ ባለ ማሳ የዘራ የብቸና ገበሬ የሠራው ትክክል ነው።