በዕፅዋትና በእንስሳት ኅብረ ሕዋስ ውስጥ የብረታ ብረት ናኖቅንጣቶችን መለካት፦ ከናሙና ዝግጅት እስከ ትርጓሜ

መግቢያ

አንድ ተመራማሪ የቲማቲም ችግኞችን የብር ናኖቅንጣት በተጨመረበት ውኃ ካሳደገ በኋላ ቅጠላቸውን አድርቆ፣ ፈጭቶና በሙቅ ናይትሪክ አሲድ አሟሙቶ ቢለካ ብር ሊያገኝ ይችላል። ከዚህ ተነሥቶ «ተክሉ ናኖቅንጣቱን ከሥር እስከ ቅጠል አጓጉዟል» ብሎ ቢደመድም ግን ልኬቱ ከሚደግፈው በላይ ተናግሯል። አሲዱ ኅብረ ሕዋሱን ሲያፈርስ ቅንጣቱንም አብሮ አሟሙቷል፤ መሣሪያው ያነበበው የብሩን ጠቅላላ መጠን ብቻ ነው። ብሩ ወደ ቅጠሉ የደረሰው በቅንጣትነቱ ይሁን ቀድሞ በውኃው ውስጥ ሟሙቶ በአዮን መልክ፣ ከዚህ ቁጥር ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ልዩነቱ የስያሜ ጉዳይ አይደለም። የሟሟ ዚንክ ተክሉ የሚመገበው ንጥረ ነገር ነው፤ በቀላሉ የማይሟሟ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ቅንጣት ግን ወደ ሰውነት ከገባ በአካል ክፍሎች ውስጥ ሊከማች ይችላል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2021 ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ለምግብ ተጨማሪነት ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው ሊባል እንደማይችል ሲያሳውቅ ካነሣቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው መከማቸት ነበር፤ በቀጣዩ ዓመትም የአውሮፓ ኅብረት በምግብ ውስጥ እንዳይጨመር ከልክሏል። እንዲህ ላለ ውሳኔ የሚያበቃ ማስረጃ ቅንጣትን እንደ ቅንጣት መለካትን ይጠይቃል። ይህ ጽሑፍ ልኬቱ እንዴት እንደሚከናወንና በየትኞቹ ደረጃዎች ላይ ሊያሳስት እንደሚችል ያብራራል።

ከጠቅላላ መጠን ወደ ነጠላ ቅንጣት

ለዚህ ዓላማ በስፋት የሚያገለግለው ዘዴ የነጠላ ቅንጣት ፕላዝማ ማስ ስፔክትሮሜትሪ ነው። በስዊዘርላንድ ዴጌልድርና ባልደረባው ዘዴው ሊሠራ እንደሚችል ያሳዩበትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። መርሑ ቀላል ነው። ናሙናው እጅግ ቀጥኖ ሲረጭ ቅንጣቶቹ ወደ ፕላዝማው አንድ በአንድ ይደርሳሉ። እያንዳንዱ ቅንጣት በፕላዝማው ሙቀት ተንኖ ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች የሚቆይ የአዮን ደመና ይፈጥራል፤ ይህም በመሣሪያው ንባብ ላይ እንደ ሹል ጫፍ ይታያል። የሟሟው ብረት በበኩሉ ያልተቋረጠ ዝቅተኛ መስመር ይሰጣል። የጫፎቹ ብዛት የቅንጣቶቹን ቁጥር፣ የእያንዳንዱ ጫፍ ከፍታ ደግሞ የቅንጣቱን መጠነ ቁስ ያመለክታል።

የሚለካው መጠን ምን ያህል ጥቃቅን እንደሆነ በስሌት ማየት ይቻላል። ዲያሜትሩ 60 ናኖሜትር የሆነ የወርቅ ሉል 2.2 ፌምቶግራም ያህል ይመዝናል፤ አንድ ፌምቶግራም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ ነው። ስለዚህ በአንድ ናኖግራም ወርቅ ውስጥ 460,000 ያህል እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች ይገኛሉ። ዲያሜትሩ በግማሽ ቀንሶ 30 ናኖሜትር ሲሆን መጠነ ቁሱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። የዘዴው ዋና ገደብም የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ምልክቱ በፍጥነት ይደክምና ከሟሟው ብረት መስመር ጋር ይቀላቀላል።

ከመርጫው የሚወጣው ፈሳሽ ሁሉ ፕላዝማው ዘንድ አይደርስም፤ በተለመዱት መርጫዎች የሚደርሰው ጥቂት በመቶው ብቻ ነው። ይህ የማድረስ ብቃት በትክክል ካልታወቀ የተሳሳተ ውጤት ትክክል መስሎ ሊታይ ይችላል። እውነተኛው ብቃት 4 በመቶ ሆኖ ሳለ 5 በመቶ ተብሎ ቢወሰድ የቅንጣቶቹ ቁጥር በ20 በመቶ ያንሳል፤ መለኪያው በሟሟ ብረት የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ የእያንዳንዱ ቅንጣት መጠነ ቁስ በ25 በመቶ ይበዛል። ሁለቱ ሲባዙ ስሕተቶቹ ይጣፋሉና የቅንጣቶቹ አጠቃላይ መጠነ ቁስ ትክክል ሆኖ ይወጣል። ስለሆነም የተመለሰው መጠነ ቁስ መስማማቱ ብቻውን ለቁጥሩና ለዲያሜትሩ ዋስትና አይሆንም። ብቃቱን ለመወሰን መጠናቸው የተረጋገጠ ማጣቀሻ ቅንጣቶች ያስፈልጋሉ፤ ለምሳሌ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ስመ መጠናቸው 10፣ 30 እና 60 ናኖሜትር የሆኑ የወርቅ ቅንጣቶችን አዘጋጅቷል።

ኅብረ ሕዋሱን አፍርሶ ቅንጣቱን ማትረፍ

መሣሪያው የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን የሚያየው ከናሙና ዝግጅት የተረፈውን ነው። ለእንስሳት ኅብረ ሕዋስ ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ቴትራሜቲል አሞኒየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ጠንካራ ቤዝ ነው፤ ፕሮቲኑን ሲበታትን የወርቅና የብር ቅንጣቶችን በአብዛኛው ሳይነካ ይተዋል። ግሬይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት በተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ ዳፍኒያ በተባለች ጥቃቅን የውኃ እንስሳና በውኃ ትል ላይ 60 እና 100 ናኖሜትር የወርቅና የብር ቅንጣቶችን ጨምረው መልሰው ሲለኩ በመጠነ ቁስም በቁጥርም ከ83 እስከ 121 በመቶ አግኝተዋል። ሌላው መንገድ ፕሮቲኔዝ ኬ የተባለውን ኢንዛይም መጠቀም ሲሆን በዶሮ ሥጋና በአይጥ ጣፊያ ላይ ተሞክሯል።

የተክል ሕዋስ ግድግዳ ሴሉሎስና ፔክቲን ስላለበት ሌላ ዓይነት መክፈቻ ይፈልጋል። ዳንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ማሴሮዛይም የተባለ የኢንዛይሞች ቅልቅል ተጠቅመው 40 ናኖሜትር የወርቅ ቅንጣቶች ሳይፈርሱ ወደ ቲማቲም ተክል እንደሚገቡ አሳይተዋል።

ይሁንና ለወርቅ የሠራ ዘዴ ለሌላው ብረት ይሠራል ማለት አይደለም። ወርቅ በቀላሉ አይሟሟም፤ በኅብረ ሕዋስ ውስጥ ያለው የተፈጥሮ መጠንም እጅግ አነስተኛ ነው። ብር በኦክስጅን ይሟሟል፤ ከክሎራይድና ከሰልፈር ጋርም ይዋሐዳል። የዚንክ ኦክሳይድ ቅንጣት ደግሞ ቀለል ባለ አሲድ ውስጥ እንኳ ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ብረት በእያንዳንዱ ዓይነት ኅብረ ሕዋስ ውስጥ ለየብቻው መፈተን አለበት።

ሐሰተኛ ምልክትና የቅንጣቱ ምንጭ

የኅብረ ሕዋስ ኬሚስትሪ ልኬቱንም ሊያሳስት ይችላል። ከታይታኒየም አይሶቶፖች በብዛት የሚገኘው 48 የመጠነ ቁስ ቁጥር ያለው ነው፤ ካልሲየምም ተመሳሳይ ቁጥር ያለው አይሶቶፕ አለው። አጥንትና ቅጠል በካልሲየም የበለጸጉ በመሆናቸው ተመራማሪው ወደ 47 ወይም ወደ 49 መሸጋገር፣ አለዚያም በመሣሪያው ውስጥ የጋዝ ምላሽ ክፍል መጠቀም ይኖርበታል። ናሙናው በበቂ ካልቀጠነም ሁለት ቅንጣቶች በአንድ ጊዜ ደርሰው እንደ አንድ ትልቅ ቅንጣት ይቆጠራሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቅንጣቱ ምንጭ ነው። ጋርዴያ ቶሬስዴይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 የሟሟ ወርቅ ባለበት ማብቀያ ላይ ያደገ አልፋልፋ በውስጡ የወርቅ ናኖቅንጣቶችን እንደሚሠራ አሳይተዋል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም ከዕፅዋት ጭማቂ ናኖቅንጣት ማዘጋጀት የታወቀ የምርምር ርእስ ነው። ያ ዝግጅት የሚመሠረትበት ኬሚስትሪ በሕያው ተክል ውስጥም ሆነ ናሙናው በሚፈርስበት ብልቃጥ ውስጥ ሊከናወን ይችላል። በቅጠል ውስጥ የተገኘ ቅንጣት እንግዲህ ከውኃው የገባው፣ በተክሉ ውስጥ የተፈጠረው ወይም በዝግጅት ወቅት የተወለደው ሊሆን ይችላል። በሥር ላይ ደግሞ ላይ ላዩን የተለጠፈውን ከገባው መለየት ያሻል።

ከእነዚህ መካከል ለመለየት አራት ማነጻጸሪያዎች አስፈላጊ ናቸው፦ ምንም ያልተጨመረበት ኅብረ ሕዋስ፤ በተመሳሳይ መጠን የሟሟ ብረት ብቻ የተሰጠው ተክል ወይም እንስሳ፤ ከመፍረሱ በፊት የሟሟ ብረት የተጨመረበት ንጹሕ ኅብረ ሕዋስ፤ እንዲሁም መጠኑ የታወቀ ቅንጣት የተጨመረበት ኅብረ ሕዋስ። ሦስተኛው በብልቃጥ ውስጥ የሚወለደውን፣ አራተኛው በዝግጅት የሚጠፋውን ቅንጣት ያጋልጣል።

ማጠቃለያ

የነጠላ ቅንጣት መሣሪያ የሌለው ቤተ ሙከራም አማራጭ አያጣም። ኅብረ ሕዋሱ በኢንዛይም ከፈረሰ በኋላ በእጅግ ጠባብ ማጣሪያና በሴንትሪፊዩጅ ያለፈውን ብረት ከቀረው ለይቶ ሁለቱንም በአቶሚክ አብዞርብሽን መለካት ይቻላል። ከፕሮቲን ጋር የተጣበቀ አዮን በማጣሪያው ላይ ሊቀር ስለሚችል ይህ የመጨረሻ ማስረጃ አይሆንም፤ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕም ሊያግዘው ይገባል።

በማንኛውም ዘዴ የተገኘ ውጤት ሲቀርብ የማፍረሻው ዓይነትና ጊዜ፣ በቁጥርና በመጠነ ቁስ የተመለሰው ድርሻ፣ መሣሪያው ሊያየው የሚችለው ትንሹ ዲያሜትርና የማነጻጸሪያዎቹ ውጤት አብረው መገለጽ አለባቸው። ከተጠቀሰው ዲያሜትር በታች ያሉት ቅንጣቶች «የሉም» ሳይሆን «አልታዩም» መባል ይኖርባቸዋል። ጠቅላላ መጠንን ብቻ የለካ ጥናት ስለ ብረቱ ይናገር፤ ስለ ቅንጣቱ ለመናገር ግን ቅንጣቱ ከናሙና ዝግጅት መትረፉንና ከየት እንደመጣ ማሳየት ይጠበቅበታል።